መውጫ የሌለው ሐይቅ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባዔ ላይ ስለ ሐዋሳ ጉብኝትና ስለ ሐይቅ ዳር ግንባታ የቀረበ ንግግር)




ሰው የዕረፍት ጊዜ ባገኘ ቁጥር ወደ ውሃ ዳር መሄዱ የቆየ ልማድ ነው። በደቡብ አውሮጳ በጋ ሲገባ የኢጣልያና የስፔን የባሕር ዳር ከተሞች ከነዋሪያቸው ቁጥር ብዙ እጥፍ የሆነ እንግዳ ያስተናግዳሉ። የኢትዮጵያ ሰው ባሕሩ ቢርቀውም ሐይቁ አልራቀውምና ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ላንጋኖ፣ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል። በክብረ በዓልና በሳምንት መጨረሻ ግን ሕዝቡ በብዛት የሚጎርፈው ወደ ሐዋሳ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚተረከው ከእነዚህ ጉዞዎች የአንዱ ታሪክ ነው። ተጓዦቹ በሕይወት ያሉ ሰዎች በመሆናቸው ስማቸው አይነሣም፤ ለጉዳዩም አያስፈልግም።

ጉዞው የተጀመረው ከጉለሌ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል በስተጀርባ ካለ አንድ ሰፈር ነው። ተጓዦቹ ሦስት ነበሩ። አንዷ ዕድሜያቸው ከስድሳ አምስት ያለፈ ወይዘሮ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው በአንድ አማካሪ ድርጅት የውሃና የፍሳሽ ንድፍ የሚሠራ ልጃቸው፣ ሦስተኛዋ ደግሞ የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸው ናት። ወይዘሮዋ የሐምሌ ገብርኤልን ሐዋሳ ወርደው ሊያነግሡ ስለት ነበረባቸው። ለሕፃኗ ሐይቅ እንደምታይ ቃል ተገብቶላታል። መሐንዲሱ ግን ከሁለቱም የተለየ ጓዝ ነበረው። በመኪናው የኋላ መቀመጫ ሥር፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በአንዱ ዳር ሊሠራ የታሰበ የአንድ ሆቴል የፍሳሽ ፕላን ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ፕላኑ ሰኞ ጠዋት መፈረም አለበት። በላዩም አስቸጋሪ ነገር የለበትም፤ ሴፕቲክ ታንክ፣ ቀጥሎ የማስረጊያ ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ እስከ ውሃው ጠርዝ 30 ሜትር። እንዲህ ያለ ፕላን በየጊዜው ይሠራል፣ በየጊዜውም ይፈረማል።

ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሞጆ እስከ ባቱ፣ ማለትም እስከ ዝዋይ ያለው የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ወዲህ የመንገዱ ድካም ቀንሷል። ከአዳሚ ቱሉ ወዲያ ግን መሐንዲስ የሆነ ሰው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሊያየው የሚገባ ነገር አለ። በስተግራ ላንጋኖ ቡናማ ውሃውን ዘርግቶ ይታያል፤ በስተቀኝ ደግሞ አብያታ ከጥንቱ ዳርቻው ሸሽቶ፣ ነጭ የሶዳ ሜዳ ከኋላው ትቶ ተኝቷል። አብያታን የሚመግበው ውሃ በከፊል ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ በኩል የሚወርድ ነው። በላይ በኩል ለመስኖ፣ በዳርቻውም ለሶዳ አመድ ሥራ ውሃ መቀዳቱ ሐይቁን እንዳሳነሰው በዘርፉ የሚሠሩ ሰዎች በብዙ ጽፈዋል። መጋቢው ሲቀንስ መውጫ የሌለው ሐይቅ የሚተርፈው ጨው ብቻ ነው። ወይዘሮዋ ነጩን ሜዳ አይተው «በረዶ ጥሏል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ልጃቸው ጨው መሆኑን ነገራቸው። ነገሩ በዚያው አለፈ።

ሐዋሳ የፕላን ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ በሲዳሞ ጠቅላይ ገዢ በልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ዘመን ሲሆን፣ ቦታው ቀድሞ አዳሬ ይባል ነበር። መንገዶቿ ከመነሻቸው ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ የአገራችን ከተሞች ትለያለች። በምዕራቧ ሐይቁ፣ በዳርቻው ታቦር ተራራ፣ በደቡቧ ዓላሙራ ይገኛሉ። ለብዙ ዓመታት እንግዳዋን የሚቀበሉት ጥቂት ሆቴሎች ነበሩ፤ ከእነሱም ሁለቱ የዋቢ ሸበሌ ሆቴሎች በሐይቁ ዳር ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሪዞርት ከተከፈተ ወዲህ የሐይቁ ዳርቻ የባለሀብት ሁሉ ዓይን ማረፊያ ሆነ። የሲዳማ የዘመን መለወጫ የሆነው ፊቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር፣ በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌም የጎብኚ መዳረሻ ሆነ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2020 የተመሠረተው የሲዳማ ክልል መዲና ናት፤ ስብሰባው፣ ሠርጉ፣ ሥልጠናው ሁሉ ወደ እርሷ ያመራል። በገብርኤል ዋዜማ አልጋ ማግኘት ዕድል ነው። ሦስቱ ተጓዦችም ከሐይቁ ራቅ ባለ አንድ ፔንሲዮን፣ በአንድ ክፍል ሁለት አልጋ አግኝተው አደሩ።

የበዓሉ ሥርዓት የሚታወቅ ስለሆነ በዝርዝር አይነገርም። ነጠላ የለበሰው ሕዝብ ከሌሊት ጀምሮ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ሞልቶ፣ ታቦቱ ወጥቶ ዑደቱን ፈጽሞ ገባ። ወይዘሮዋ ስለታቸውን አገቡ። ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ነጠላውን እንደለበሰ ወደ ሐይቁ ወረደ።

ፍቅር ሐይቅ በሚባለው በኩል የወረደ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ከመሬቱ ከፍ ያለ፣ ረጅም የመንሸራሸሪያ መንገድ ነው። ፎቶ አንሺው፣ የቡና ጀበና ያቀረበችው፣ ቆሎና ለውዝ ሻጩ፣ እጅ ለእጅ የተያያዙት ወጣቶች ሁሉ በዚያ ላይ ናቸው። ከመካከላቸው የቆሙበት ነገር ግድብ መሆኑን የሚያውቅ ብዙ አይገኝም። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሐይቁ ውሃ እያደር ከፍ ሲል ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ የኤልኒኞው ዝናብ ሲጨመርበት ዳርቻውን አልፎ ቤትና እርሻ አጥለቀለቀ። በከተማዋና በሐይቁ መካከል የተዘረጋው የመከላከያ ግድብ የዚያ ዘመን ትውስታ ነው። የውሃው ከፍታ የጨመረበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። የዝናቡ መለዋወጥ አለ፤ በተፋሰሱ ደን ተመንጥሮ ጎርፉ መበርታቱ አለ፤ ደለሉም አለ። በተለይ ከሐይቁ በስተሰሜን ምሥራቅ የነበረው ጨለለቃ የተባለው ጥልቀት የሌለው ሐይቅ በአንድ ትውልድ ዕድሜ በደለል ተሞልቶ ወደ ረግረግነት ተለወጠ። ጨለለቃ ከምሥራቁ ደጋ የሚወርደውን አፈር እየያዘ ውሃውን አጥርቶ ወደ ታች የሚለቅ ተፈጥሯዊ ማጣሪያ ነበር።

መሐንዲሱ በግድቡ ላይ ቆሞ ይህንን ለእናቱ ለማስረዳት ሞከረ። እሳቸው ግን ዓይናቸው ከልጅ ልጃቸው ላይ ነበር፤ ሕፃኗ ጫማዋን አውልቃ ወደ ውሃው ልትወርድ ስትል እጇን ያዟት።

«አንቺ ልጅ! ይኼ እኮ ቧንቧ አይደለም፤» አሏት።

ይህን ያሉት ስለ ጥልቀቱ ሰግተው ነው። አባትየው ግን የሰጋበት ሌላ ነገር ነበር፤ በሐይቁ ዳርና በጥቁር ውሃ አካባቢ ቢልሃርዚያ እንደሚገኝ ያውቃል። ለሕፃኗ ጀልባ እንደሚሻል ተነግሯት ታረቀች።

በማግስቱ ጠዋት አሞራ ገደል ሄዱ። ሐዋሳን ጎብኝቶ አሞራ ገደልን ያላየ ሰው፣ ማርካቶ ሳይገባ አዲስ አበባን አየሁ እንደሚል ይቆጠራል። ጀልባዎቹ ሌሊቱን ያጠመዱትን ቆሮሶና አምባዛ ያራግፋሉ፤ ወጣቶቹ በስለታም ቢላዋ ቅርፊቱን ልጠው፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተው፣ የተረፈውን ወደ ኋላ ይወረውራሉ። ከኋላቸው የቆሙት አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ አንገታቸው ራቁት የሆነ ረጃጅም ወፎች፣ መሬት ሳይነካ ይቀልቡታል። ዛፉ ላይ ጉሬዛ፣ ዛፉ ሥር ጦጣ አለ። የዓሣ ሾርባው በትልቅ ብረት ድስት ይፈላል፤ ጥሬውንም በዳጣ የሚበላ ሞልቷል። ወይዘሮዋ ጥሬ ዓሣ ሲበላ አይተው አማተቡ፤ ነገር ግን ሾርባውን ሁለት ጊዜ አስቀድተው ጠጡ።

ጀልባ የተከራዩት ከዚያ በኋላ ነው። ቀዛፊው በሐይቁ ዳር ተወልዶ ያደገ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ወጣት ነበር። «ይግቡ እናቴ፤ እጄን ይያዙ፤ አይፍሩ፤» ብሎ ደግፎ አስገባቸው። ውሃው መሀል ሲደርሱ ሞተሩን አጥፍቶ ጉማሬ የሚወጣበትን አቅጣጫ አሳያቸው። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ወይዘሮዋ ዙሪያውን አይተው፣ ከተራራው እስከ ተራራው ድረስ በዓይናቸው ለክተው ሲያበቁ እንዲህ ሲሉ ጠየቁ።

«ይኼ ሁሉ ውሃ መውጫው የት ነው?»

«የለውም እናቴ፤» አላቸው ወጣቱ። «ጥቁር ውሃ ይገባበታል። የሚወጣ የለም። ፀሐይ ነው የሚጠጣው።»

«ታዲያ ቆሻሻውንም ፀሐይ ይጠጣዋል?»

ወጣቱ ሳቀ። ልጃቸው ግን አልሳቀም።

ክቡራን የማኅበሩ አባላት፤ የወይዘሮዋ ጥያቄ በሂሳብ ቢታይ እንደሚከተለው ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ትልቁ ጥልቀቱ 22 ሜትር ገደማ፣ አማካይ ጥልቀቱ 11 ሜትር አካባቢ ነው። ይህም አንድ ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስበት ዋና ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው። ከሐይቁ ገጽ በዓመት የሚተነው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው ተብሎ ቢያዝ፣ ፀሐይዋ በየዓመቱ 135 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ትወስዳለች። ፀሐይ የምትወስደው ውሃውን ነው፤ ጨውን፣ ፎስፈረስን፣ ቀለምን፣ የሳሙናን ቅሪት አትወስድም።

እዚህ ላይ በዘርፉ ለሚሠሩ ሰዎች የታወቀ አንድ እንቆቅልሽ አለ። መውጫ የሌለው ሐይቅ በዘመናት ብዛት ጨዋማ መሆን ነበረበት፤ አብያታና ሻላ እንዲሁ ናቸው። ሐዋሳ ግን እንደ እነሱ አልሆነም፤ ዓሣው የሚኖርበት፣ ከብት የሚጠጣው ለስላሳ ውሃ ነው። ለዚህ የሚሰጠው ማስረጃ ሐይቁ ከመሬት በታች፣ በእሳተ ገሞራው ዐለት ስንጥቅ በኩል፣ ጥቂት በጥቂት ወደ ዝቅተኛው አገር ያንጠባጥባል የሚል ነው። ስለዚህ ወጣቱ ቀዛፊ ሙሉ በሙሉ ትክክል አልነበረም፤ ሐይቁ የማይታይ መውጫ አለው። ሆኖም ይህ መውጫ ለሐይቁ ያገለገለው ከተማ ባልነበረበት ዘመን፣ ከዐለትና ከአፈር የሚታጠበውን ጨው ያህል ለማስወገድ ነው። ውሃው እንኳን ለመጠጥ የሚያሰጋ ፍሎራይድ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን የሐይቁ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከተማዋ በሐይቅ ዳር ሆና የመጠጥ ውሃዋን ከሐይቁ የማትቀዳው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዳው ውሃውን በዓይኑ ይጠጣዋል እንጂ በብርጭቆ አይጠጣውም፤ ይህም ለውሃው ደኅንነት እንዳይጨነቅ ሳያደርገው አይቀርም።

አንድ ሰው በቀን አንድ ግራም ተኩል ያህል ፎስፈረስ ከሰውነቱ ያስወጣል። አንድ ሺህ እንግዳ ሦስት ቀን ቢቆይ አራት ኪሎ ግራም ተኩል ይሆናል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በውሃ ውስጥ አልጌ አንድ ግራም ፎስፈረስ ባገኘ ጊዜ፣ ሌላው ምግብ ካልጎደለበት፣ ወደ መቶ ግራም የሚጠጋ ደረቅ ክብደት ያበቅላል። ስለዚህ የእነዚያ ሺህ እንግዶች የሦስት ቀን ዕረፍት ሙሉ በሙሉ ወደ ሐይቁ ቢደርስ 450 ኪሎ ግራም አልጌ ያበቅላል ማለት ነው። ሴፕቲክ ታንክ ዝቃጩን ያስቀራል፤ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ፎስፈረስ ግን ጥቂቱን ብቻ ይይዛል። የማስረጊያ ጉድጓዱ ዙሪያ ያለው አፈር ደግሞ ለተወሰነ ዓመት ይይዘውና ሲጠግብ ይለቀዋል። በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ እንደሚገኘው ያለ፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር ውሃ ያሳልፋል። በፕላን ላይ የተጻፈው 30 ሜትር ጀርምን ለማዳከም የታሰበ ርቀት ነው። ፎስፈረስ ርቀት አይገድለውም፤ መድረሻውን ያዘገየዋል እንጂ።

ለፍትሕ ሲባል መነገር ያለበት ነገር፣ ሆቴሎቹ ብቻቸውን ባለዕዳ አለመሆናቸው ነው። ከተማዋ ለረጅም ዘመን የጋራ የፍሳሽ መስመር ሳይኖራት አድጋለች፤ በተፋሰሱ የሚደፋው የእርሻ ማዳበሪያ አለ፤ በጥቁር ውሃ አካባቢ ያሉ ፋብሪካዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጥርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት፣ አንድም ጠብታ ወደ ውጭ እንዳይለቅ ተደርጎ መነደፉ ይህ ችግር በሚገባ የታወቀ እንደሆነ ያሳያል። ለጨርቅ ፋብሪካ ይህን ያህል የተጠነቀቀ አገር ለመኝታ ቤት አለመጠንቀቁ ግን ያስገርማል። ምናልባት ፋብሪካ ጭስና ጩኸት ስላለው ይጠረጠራል፤ የሆቴል አትክልት ቦታ ግን አበባው ያማረ በመሆኑ ማንም አይጠረጥረውም።

የባሕር ዳር ከተሞችም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። የስፔኗ ቤኒዶርም ከዓሣ አጥማጆች መንደርነት ወደ ፎቅ ከተማነት ካደገች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በድርቅ ምክንያት ለእንግዶቿ የሚጠጣ ውሃ በመርከብ ለማስመጣት ተገድዳለች። የኢጣልያዋ ሪሚኒ ነገር ግን ለሐዋሳ ይበልጥ የቀረበ ትምህርት አለው። ሪሚኒ በአድርያቲክ ባሕር ዳር በጃንጥላና በተደረደረ ወንበር የታወቀች ከተማ ናት። ከእርሷ በስተሰሜን የፖ ወንዝ የሰሜን ኢጣልያን ሜዳ እርሻ፣ ከተማና ፋብሪካ ሁሉ አጥቦ ወደዚያው ባሕር ይገባል። ባሕሩ በተደጋጋሚ በአልጌ ከተወረረ በኋላ የኢጣልያ መንግሥት በ1980ዎቹ በልብስ ሳሙና ውስጥ የሚገባውን ፎስፈረስ በሕግ ቀነሰ። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1989 በጋ ዳርቻው በሚያዳልጥ ልጋም ተሸፈነ። የልጋሙን መንሥኤ በተመለከተ ሊቃውንቱ ተከራክረዋል፤ እንግዳው ግን ክርክሩን አልጠበቀም፤ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ከዚያ ዓመት በኋላ በዚያ ዳርቻ ስለ ፍሳሽ ሲነገር የሆቴል ባለቤት ሁሉ ጆሮውን ይሰጣል።

ሪሚኒ ሌላም ችግር ነበረባት። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል የጎርፉ ቦይ ከፍሳሹ ጋር ተቀላቅሎ በዋናተኞች መካከል ወደ ባሕሩ ይከፈት ነበር፤ በዚያም ጊዜ መዋኘት ይከለከላል። ከተማዋ ከ2013 ጀምሮ የዝናቡን ውሃ ከፍሳሹ የሚለይ ሰፊ ሥራ ጀመረች። ፒያሳሌ ኬኔዲ በተባለው የባሕር ዳር አደባባይ ሥር ታላላቅ ማጠራቀሚያዎች ተቆፍረው፣ በላያቸው ባሕሩን የሚያሳይ መናፈሻ ተሠራ። እንግዳው እዚያ ላይ ቆሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ፎቶ ይነሣል፤ ከእግሩ በታች ምን እንዳለ አያውቅም። በሐዋሳ ግድብ ላይ የሚንሸራሸረውም እንዲሁ አያውቅም። ልዩነቱ የሪሚኒው ግንባታ ከተማዋ ውሃውን እንዳትጎዳ የሚከላከል ሲሆን፣ የሐዋሳው ውሃው ከተማዋን እንዳይጎዳ የሚከላከል መሆኑ ነው።

ወደ ተጓዦቹ እንመለስ። በዚያው ዕለት ማታ የሐምሌ ዝናብ ወረደ። ሦስቱም ከሐይቁ ዳር በአንድ የቆርቆሮ ዳስ ሥር ተጠለሉ። ከዳሱ አጠገብ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ነበረ። በመጀመሪያ የላስቲክ ጠርሙስና የሸንኮራ ልጣጭ ወረደ፤ ቀጥሎ ቡናማ ጎርፍ፤ ከጎርፉ ጋር ደግሞ የዝናብ ውሃ የሌለው ነጭ አረፋና ማንም የማይስተው ሽታ መጣ። ከላይ በኩል ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው የሞላ ታንኩን በዝናቡ አመካኝቶ ለቆታል። ይህ በየከተማው የሚደረግ ነው፤ በአዲስ አበባም ይደረጋል። ሕፃኗ አፍንጫዋን ያዘች። ወይዘሮዋ ልጃቸውን ቀና ብለው አይተው፣

«አንተ የምትሠራው ሥራ ይኼ አይደለም እንዴ?» አሉት።

ክፋት አልነበረበትም። የልጃቸውን ሥራ አውቀውት አያውቁም ነበርና ለማወቅ ጠየቁ። እሱ ግን «ነው፣ እማዬ» ከማለት በቀር መልስ አላገኘም።

እሑድ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ወይዘሮዋ ለጎረቤት የሚያድሉትን ጸበል በጄሪካን፣ ዓሣውን በበረዶ ይዘው ጳውሎስ ገቡ። ማታ ዓሣው ታጥቦ ሲያበቃ፣ ውሃውን በደጃቸው ባለው ቦይ ሊደፉ በላስቲክ ባልዲ ይዘው ወጡና ከቦዩ አጠገብ ቆም አሉ።

«ይኼስ? ይኼም መውጫ የለውም?»

መሐንዲሱ መልሱን ያውቀዋል። ከጉለሌ የሚወርደው ውሃ በትንሹ አቃቂ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ይሄዳል። አባ ሳሙኤል በኢጣልያኖች ወረራ ዘመን የተሠራ፣ ለአዲስ አበባ መብራት የሰጠ ጥንታዊ ግድብ ሲሆን በደለልና በአረም ተውጦ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሥራ አቁሞ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በ2016 ታድሶ ተነሥቷል። ከዚያ ወዲያ ውሃው ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ በቆቃ፣ በመተሐራ፣ በአፋር አድርጎ ሲጓዝ ይቆይና ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር፣ አቤ በተባለው ሐይቅ ያልቃል። አቤም መውጫ የለውም። የጳውሎስ ሰው ከሐዋሳ ሰው የሚለየው ቆሻሻው የሚያርፍበት ሐይቅ ከዓይኑ በመራቁ ብቻ ነው። መሐንዲሱ ይህን ሁሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገራቸው። እናቱ ጥቂት አሰቡና ባልዲውን ከቦዩ ደፉት። የሚደፉበት ሌላ ቦታ አልነበራቸውም።

ሰኞ ጠዋት ያ ፕላን ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። መሐንዲሱ አልፈረመውም። በምትኩ ሦስት ነገር ጻፈበት። የመጀመሪያው ማስረጊያ ጉድጓዱ ቀርቶ የታከመው ውሃ ለአትክልቱ እንዲውል፣ ትርፉም ከሐይቁ ወደ ኋላ፣ ከይዞታው በላይኛው ጫፍ ባለ በሸምበቆ በተተከለ ገንዳ እንዲያልፍ ነው። ሁለተኛው የዝናቡ ቦይ ከፍሳሹ መስመር ፈጽሞ እንዲለይ፤ ሦስተኛው ዝቃጩ የት እንደሚጣል ሆቴሉ ከመከፈቱ በፊት በጽሑፍ እንዲታወቅ። ይህ ሁሉ ዋጋ ይጨምራል። ዋጋው ከመዋኛ ገንዳው ንጣፍ ያንሳል፤ ነገር ግን የመዋኛ ገንዳው በፎቶግራፍ ይታያል።

ባለሀብቱ ክፉ ሰው አልነበሩም። ወረቀቱን አንብበው፣ «አቶ መሐንዲስ፣ እዚያ ዳር ያሉት ሁሉ የሠሩት እንደ መጀመሪያው ነው። የእኔ ብቻ ለምን ይለያል?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። ሐይቅ ዳር ለሚሠራ ፍሳሽ ምን ዓይነት ማጣሪያ እንደሚያስፈልግ ባለሙያዎቹ በአንድነት ተስማምተው ያወጡት፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አንድ ገጽ ቢኖር ኖሮ መሐንዲሱ ወረቀቱን አሳይቶ ክርክሩን ይዘጋ ነበር። ያሳየው ግን የራሱን ሂሳብ ብቻ ነው፤ የአንድ ሰው ሂሳብ ደግሞ በሌላ ሰው ፊርማ ይሸነፋል። የሕንፃ ምሰሶ ስንት ብረት እንደሚያስፈልገው ባለሀብት አይከራከርም፤ ደንቡ ስለሚታወቅ ማንም መሐንዲስ አሳንሶ አይፈርምለትም። በፍሳሽ ላይ ግን እያንዳንዱ መሐንዲስ ለብቻው ቆሟል። ማኅበሩ በዚህ ረገድ ሊያወጣው የሚችለው መመሪያ በአንድ ክረምት ሊጻፍ የሚችል ነው፤ አባላቱ በየሐይቁ የሠሩት ልምድ በእጃቸው አለና።

ባለሀብቱ ፕላኑን ጠቅልለው፣ በትሕትና ተሰናብተው ሄዱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድርጅቱ የሥራው ውል መቋረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰው። ያ ፕላን፣ ከነ30 ሜትሩ፣ ዛሬ በማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ አይታወቅም፤ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት በአንዱ ላይ ሊሆንም ይችላል።